ትናንት ይሠራ የነበረው ማክሮ

ከአርባ ምንጭ ከተማ ከላይኛው ክፍል፣ ከሴቻ ሆኖ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው አባያና ጫሞ ሐይቆች ጎን ለጎን ተዘርግተው ይታዩታል። በዚሁ ሠፈር ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ በገባን ጊዜ ግን ሐይቁን የሚመለከት ሰው አላገኘንም፤ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ተሰብስቦ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የመምህራንን የዝውውር ደብዳቤ የሚያዘጋጀው በማክሮ ነው። ማክሮ ማለት ጸሐፊው ደጋግሞ የሚሠራውን ሥራ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ እንዲፈጽምለት አስቀድሞ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ይኸኛውም በአሮጌው የአማርኛ ፎንት የተጻፈውን ስም ወደ አዲሱ እየለወጠ፣ ቁጥርና ቀን እየጨመረ ደብዳቤውን ያወጣ ነበር። ቅዳሜ ዕለት የጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም በአዲስ ተተካ፤ ሰኞ ጧት ማክሮው ቆመ። መምህራኑ ያለ ደብዳቤ በአዲሱ ቦታቸው ደመወዝ ስለማይቈረጥላቸው በበራፉ ቆመው ይጠባበቃሉ። ማክሮውን የጻፈው ሠራተኛ ደግሞ ራሱ ተዛውሮ ሄዷል።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ጠጕራቸው የሸበተ ሰው፣ «ልጄ፣ ትናንት ይሠራ የነበረውን ዛሬ ማን ነካው?» ሲሉ ጠየቁ። ወጣቱ ጸሐፊም «ጋሼ፣ እሱን ማንም አልነካውም፤ የተለወጠው የቆመበት መሬት ነው» ብሎ መለሰ።

በዚህ ጊዜ አንዱ ባልደረባ «ጥበቃውን ሁሉ ክፈተውና እንገላገል!» አለ። ወጣቱ ግን እምቢ አለ። እምቢታው ትክክል ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ በኢሜይል አማካይነት ብዙ አገር ያዳረሰው በዎርድ ማክሮ ውስጥ ተደብቆ ነው። ለአንድ ደብዳቤ ሲባል በሩን ሁሉ መክፈት ለሌባም መክፈት ነው።

ታዲያ ማክሮ ከእድሳት በኋላ ለምን ይቆማል? ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንደኛው የፋይሉ ዓይነት ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. የዎርድ እትም ጀምሮ ቅጥያው «ዶክኤክስ» የሆነ ፋይል ማክሮ አይዝም፤ ማክሮ የሚይዘው «ዶክኤም» ነው። ሁለተኛው ጥበቃው ነው። ማይክሮሶፍት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮ እንዳይሠራ ያግዳል፤ ምንጩ በእርግጥ የታወቀ ከሆነ የዚያን ፋይል እገዳ ብቻ ማንሣት ይበቃል። ሦስተኛው የፕሮግራሙ ስፋት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ባለ 64 ቢት ኦፊስ ወጣ፤ ባለ 32 ቢት በነበረ ጊዜ የተጻፈና ከዊንዶውስ እርዳታ የሚጠራ ማክሮ በአዲሱ ላይ «ፒቲአርሴፍ» የሚለው ቃል ካልተጨመረበትና የማስታወሻ አድራሻ የሚይዙት ቦታዎች ካልሰፉ አይነሣም።

አራተኛው የራሳችን ፊደል ጉዳይ ነው። የጥንቶቹ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት ለላቲን ፊደል በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 የራሱ የሆኑ ቁጥሮች ሰጠው፤ «ሀ» 4608፣ «አ» 4768 ሆኑ። ይሁን እንጂ የዎርድ ማክሮ መጻፊያ መስኮት ፊደላችንን እስካሁን አያውቅም፤ አማርኛ ሲጻፍበት ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ስለዚህ በማክሮ ውስጥ ፊደሉን በቁጥሩ መጥራት ያስፈልጋል።

ወጣቱ በመጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ አስቀመጠ። ቀጥሎ የስሕተቱን ማስታወቂያ ሳይዘጋ እስከ መጨረሻው አነበበና ከዊንዶውስ እርዳታ የሚጠራውን መስመር አስተካከለ። ማክሮው ተነሣ፤ ነገር ግን በመምህራኑ ስም ፈንታ ጥያቄ ምልክት ረድፍ ሠርቶ ወጣ። በዚህ ጊዜ ማክሮውን በኤፍ 8 ቁልፍ አንድ አንድ መስመር እያስኬደ ሲመረምረው፣ ከእሱ በፊት ለመጠገን የሞከረ ሌላ ሰው ፊደላቱን በቀጥታ እንደ ጻፈባቸው አገኘ። በቁጥራቸው ተካቸው። ከቀትር በኋላ የመጀመሪያው ደብዳቤ ታትሞ ወጣ፤ ኃላፊውም መነጽራቸውን አድርገው ስሙን ፊደል በፊደል አነበቡና ማኅተም መቱበት።

ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ፣ የታወቁ ሸማ ሠሪዎች አሉ። ከድሩ አንዱ ክር ቢበጠስ ሸማ ሠሪው ድሩን ሁሉ ቈርጦ አይጥልም፤ የተበጠሰውን ፈልጎ ይቀጥላል እንጂ። የመሥሪያ ቤት ወጣቶች ሆይ፣ የኮምፒውተርም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ነገር ግን እንጨምር፦ ክሩን የቀጠላችሁበትን ቦታ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ነገ እናንተም ትዛወራላችሁና።