ባዶ የሚመስለው ታንከር፦ ከአሮጌ ብረት የሚሠራው ተሳቢ የጭስ ጥብስ ምድጃ

ዓለም ገና፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚያመራው አውራ ጎዳና ዓለም ገና ላይ ሲደርስ ወደ ቡታጅራ የሚገነጠለውን መንገድ ያገኛል። ጭነት ተሽከርካሪና መንገደኛ በማይታጣበት በዚህ መገንጠያ ሥጋ ቤትም ብየዳ ቤትም ሥራ አይፈታም። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ከሰል ተሞልቶ ጥብስ ሲጠበስበት ማየት ለአካባቢው ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ የሚለው ደግሞ አገልግሎቱን የጨረሰ ወፍራም ታንከር በጎማ ላይ ተጭኖ፣ ከሰርግ ቤት ወደ ገበያ እየተጎተተ ብዙ ሥጋ በአንድ ጊዜ በጭስ የሚያበስል ምድጃ ነው።

ለብረቱ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ከቆራሌው አንሥቶ እስከ መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ያገለገለ ታንክና በርሜል ይሸጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ታንከሩ ቀድሞ ምን ይዞ ነበር የሚለው ነው። የበያጁም የበላተኛውም ደኅንነት በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ጭስና ሥጋ

ጭስን ለጣዕምና ለንጽሕና መጠቀም በኢትዮጵያ የቆየ ዕውቀት ነው። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ የሚታጠኑት በዚሁ ምክንያት ነው። ሥጋን በተሳቢ ምድጃ በጭስ ማብሰል በስፋት የሚታወቀው ግን በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚያ የፈለሱ የጀርመንና የቼክ ሥጋ ነጋዴዎች ሥጋን በጭስ የማቆየት ልማዳቸውን ይዘው ገቡ። የነዳጅ ኢንዱስትሪው ሲስፋፋም ወፍራም ቧንቧና አሮጌ የጋዝ ታንክ ለምድጃ ዋሉ።

አሠራሩ ከተለመደው ጥብስ የሚለየው እሳቱ ከሥጋው ሥር ባለመሆኑ ነው። እሳቱ የሚነደው በታንከሩ አንድ ጫፍ፣ ዝቅ ብሎ በተበየደ የእሳት ሣጥን ውስጥ ነው። ሙቀትና ጭስ ከዚያ ተነሥተው በሥጋው ላይ ያልፉና በሌላኛው ጫፍ ባለው የጭስ ማውጫ ይወጣሉ። የማብሰያው ክፍል ሙቀት ከ107 እስከ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠበቃል። በዚህ ዝግተኛ ሙቀት ጠንካራ የደረት ሥጋ እስኪለሰልስ ከ10 ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል።

“ባዶ” ታንከር ለምን ይፈነዳል?

ቤንዚን ተቀድቶ ያለቀበት በርሜል ባዶ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ተን ይቀራል። የቤንዚን ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ሙሉ በርሜል ውስጥ አየር እምብዛም ስለሌለ፣ ባዶ የተባለው ከሙሉው ይልቅ ለፍንዳታ የተጋለጠ ነው። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ክዳኑ ተከፍቶ ቢያድርም ከታች ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የናፍጣ በርሜልም ነፃ አይደለም፤ በግድግዳው ላይ የቀረው ቅባት በመቁረጫው ግለት ወደ ተን ይለወጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ነዳጅ ይዞ የማያውቅ ታንክ፣ ለምሳሌ የአየር መጭመቂያ ታንክ ነው። የነዳጅ ወይም የጋዝ ታንክ ከሆነ ግን ሥራው ልምድ ላለው ባለሙያ ይተዋል። ባለሙያው ቀሪውን ጋዝ ሜዳ ላይ ካስወጣና ቫልቩን ከፈታ በኋላ፣ ውስጡን በሳሙናና በሙቅ ውኃ ደጋግሞ ያጥባል። በመጨረሻም ተን የሚጠራቀምበት ክፍት ቦታ እንዳይኖር ታንኩን በውኃ ሞልቶ፣ አፉን ክፍት ትቶ ይቆርጣል። ሽታ መጥፋቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ሁለተኛው አደጋ መርዝ ነው። ፀረ ተባይ፣ አሲድ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል የያዘ በርሜል ቢታጠብም ቢቃጠልም ለምግብ አይውልም። ዚንክ የተቀባ ብረትም ለብየዳም ለእሳትም አይመከርም፤ በብየዳ ሲግል የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል።

ግንባታው

ተራው የ200 ሊትር በርሜል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው በመሆኑ ቶሎ ይበላል። ሙቀት ይዞ የሚቆየው 6 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ብረት ነው፤ በተለይ የእሳት ሣጥኑ ከዚህ እንዳይሳሳ ይመከራል። የእሳት ሣጥኑ ስፋት የማብሰያው ክፍል አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል። አየር የሚገባበት በር ከፈትና ከደን እንዲል ተደርጎ ይሠራል፤ ሙቀቱ የሚገዛው በእርሱ ነው። ታንከሩ በትንሹ ዘንበል ብሎ ይበየድና ስቡ የሚወርድበት ቱቦ ይበጅለታል፤ የተጠራቀመ ስብ እሳት ያስነሣልና።

በተሳቢው ላይ ሲጫን ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በጉዞ ላይ ይወዛወዛል። የእሳት ሣጥኑ ከባድ ስለሆነ ሚዛኑ የሚለካው እርሱ ከተበየደ በኋላ ነው። ከጎማም ሊርቅ ይገባል። የኋላ መብራትና የመጠባበቂያ ሰንሰለት የግድ ናቸው፤ ሰሌዳን በተመለከተ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። እሳት ሳይጠፋ ተሳቢውን መጎተት አይገባም።

እንጨቱና ሥጋው

በከተማዋ ዙሪያ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ዘይት ስላለው ሥጋውን ያመርረዋል፤ ጽድም እንዲሁ ነው። የተሻለው በደንብ የደረቀ የወይራ፣ የማንጎ ወይም የቡና እንጨት ነው። በጅማ መስመር የሚኖሩ አርሶ አደሮች ያረጀ ቡና ሲጎነድሉ የሚያገኙት ግንድ ለዚህ ሊውል ይችላል። ወይራ አገር በቀል ዛፍ በመሆኑ የደረቀውን ቅርንጫፍ እንጂ ግንዱን መቁረጥ አይገባም። ቀለም የተቀባ ጣውላ ፈጽሞ አይነድም። ስስ ሰማያዊ ጭስ የደግ እሳት ምልክት ሲሆን ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ ሥጋውን ያከረፋዋል።

አዲስ ምድጃ ሥጋ ከማየቱ በፊት ለሰዓታት በኃይለኛ እሳት ባዶውን ይነዳል። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ ሳይደርስ አይቀርብም፤ የበሰለ ሥጋም እስኪበላ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆያል። የሙቀት መለኪያውን በሚፈላ ውኃ መፈተን ይቻላል፤ ሆኖም ዓለም ገና ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ ትክክለኛ መለኪያ የሚያሳየው 100 ሳይሆን 93 ዲግሪ አካባቢ ነው።

በመጨረሻም ዝናብ ቢመጣም ምድጃው ወደ ድንኳን ወይም ዳስ አይገባም። ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ታዳሚውን ሳያስታውቅ ይገድላል። ሥጋው ወደ እንግዳው ይሄዳል እንጂ ምድጃው ወደ እንግዳው አይጠጋም።