ሥዕሉ ውሃ ውስጥ ለምን ይፈርሳል?
የውሃ ዲካል ሕትመት ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ሲኒ ላይ የልጅ ስም ለመጻፍ፣ ብርጭቆ ላይ የጓሳን ቀይ ቀበሮ ለማሳረፍ፣ ወይም ከእንጨት በተሠራች ትንሽ አውቶቡስ ጎን ላይ «ሞላሌ» ብሎ ለመለጠፍ ለሚፈልግ ሰው ዋተርስላይድ ዲካል የሚባለው ወረቀት ጥሩ መላ ነው። በየከተማው ማግ የሚያትሙ ቤቶች የሙቀት መጭመቂያ ማሽንና ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ልዩ ኩባያ ያስፈልጋቸዋል። የውሃ ዲካል ግን ተራ ፕሪንተር፣ አንድ ሳህን ለብ ያለ ውሃ፣ የሚረጭ ቫርኒሽና ትዕግሥት ካገኘ ይበቃዋል። የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሞላሌና መሰል የወረዳ ከተሞች ላለ የእጅ ሥራ ወዳድ ጥቅሙ የሚጎላው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ጥድፊያን አይወድም። ጀማሪ ሰው ሥዕሉ ውሃ ውስጥ ሲፈርስበት በውሃው ያመካኛል፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ፕሪንተሩን ያማርራል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የዲካል ጉድለት የሚታይበት ደረጃና የሚፈጠርበት ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ዛሬ ውሃ ውስጥ የታየው ብልሽት ትናንት ቫርኒሹ ሲረጭ፣ ከዚያም በፊት ወረቀቱ ሲገዛ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መፍትሔ የሚገኘው ከምልክቱ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ በመሄድ ነው።

የወረቀቱ ጠባይ

ዲካል ወረቀት ሦስት ንብርብር አለው። ከታች ውሃ የሚጠጣ ወረቀት፣ በእሱ ላይ ውሃ የሚያሟሟው ሙጫ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለሙን የሚሸከም ስስ ፊልም። ወረቀቱ ውሃ ሲጠጣ ሙጫው ይሟሟል፤ ፊልሙም ከነሥዕሉ ተንሸራቶ ዕቃው ላይ ያርፋል። የፋብሪካ ሲኒዎች ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ የአበባ ሥዕሎችም የሚለጠፉት በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ የፋብሪካው ቀለም ከማዕድን የተሠራ በመሆኑ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ ከሲኒው ጋር መዋሐዱ ነው። ቤት ውስጥ የሚታተመው ዲካል አይተኮስም፤ ሁልጊዜም ከላይ የተለጠፈ ፊልም ሆኖ ይቀራል። በመሆኑም ከሲኒው ውጭ፣ ከንፈር ከሚነካው ጠርዝ ራቅ ብሎ ይለጠፋል። ምግብና መጠጥ የሚነካው ቦታ ላይ ፈጽሞ መለጠፍ የለበትም። እሳት ላይ የሚጣድ ጀበናም አይሆነውም፤ ፊልሙ ይቃጠላል። ባናም ሆነ ሌላ የሱፍ ሥራ አይቀበለውም፤ ዲካል የሚፈልገው ለስላሳና ውሃ የማይመጥ ገጽ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ «ፕሪንተሬ ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። የኢንክጄትና የሌዘር ዲካል ወረቀት ይለያያሉ። የኢንክጄቱ ፊልም ፈሳሽ ቀለም እንዲመጥ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሌዘሩ ደግሞ ቶነሩን የሚያቀልጠውን ሙቀት እንዲችል የተሠራ ነው። የሌዘሩን ወረቀት ኢንክጄት ውስጥ ብትከቱት ቀለሙ አይደርቅም፤ እንደ ጤዛ እየተንጠባጠበ ፊልሙ ላይ ይቀመጣል። ከዚህ የባሰው ተቃራኒው ነው። የኢንክጄቱ ወረቀት ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ከገባ ፊልሙ ቀልጦ ቶነሩን በሚያቀልጠው ክፍል (ፊውዘሩ) ላይ ሊጣበቅና ማሽኑን ሊያበላሽ ይችላል። ፎቶ ኮፒ ቤት የምታሳትሙ ከሆነ ወረቀቱን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያው በላዩ የተጻፈውን አንብቦ ይወስን።

ሁለተኛው ጥያቄ «የምለጥፍበት ዕቃ ቀለም ምንድን ነው?» የሚል ነው። የቤትና የቢሮ ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። በኮምፒውተሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ሳይታተም ይታለፋል፤ ስለዚህ በብርሃን አስተላላፊ ወረቀት ላይ ነጩ ቦታ የዕቃውን ቀለም ይይዛል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሰንደቅ ነጭ ሲኒ ላይ ያምራል፤ ጥቁር የእንጨት ሣጥን ላይ ግን በዚሁ ወረቀት ቢለጠፍ ጨርሶ ይጠፋል። ለጥቁርና ለደማቅ ዕቃ ነጭ መደብ ያለውን ዲካል ወረቀት ግዙ፤ ሲቆረጥ ግን ነጭ ጠርዝ እንዳይተርፍ የሥዕሉን ዳር ተከትላችሁ ቁረጡት።

ሲታተም የሚያጋጥም

ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ከተንጠባጠበ አስቀድማችሁ የታተመበትን ገጽ ተመልከቱ፤ የሚያብረቀርቀው ገጽ መሆን አለበት። ገጹ ትክክል ከሆነ ፕሪንተሩ ቀለም እያበዛ ነው፤ ሴቲንጉን ከፎቶ ጥራት ወደ መካከለኛ ዝቅ አድርጉ። ሥዕሉ ላይ ነጫጭ መስመሮች ከታዩ የቀለም ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነው። ፕሪንተሩን በተራ ወረቀት አጽዱና ፈትሹት፤ ዲካሉን ለሙከራ አታባክኑት። በሌዘር የታተመው ቶነር በጣት ሲነካ የሚራገፍ ከሆነ ሙቀቱ አልበቃውም፤ የወረቀት ዓይነቱን «ወፍራም» ወይም «ሌብል» በሚለው ቀይሩ። ፊልሙ ከተጨማደደ ወይም ካበጠ ደግሞ ሙቀቱ በዝቷል፤ ወደ ተራ ወረቀት መልሱት። በሁለቱም ፕሪንተሮች አንድ አንድ ሉህ ብቻ አስገቡ።

ጽሑፉን እንደ ቲሸርት ሕትመት አትገልብጡት። የውሃ ዲካል ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ ስለሚለጠፍ በቀጥታ ይታተማል፤ ተገልብጦ ከታተመ ስሙ ወደ ኋላ የሚነበብ ይሆናል።

የአማርኛ ጽሑፍ የራሱ ጣጣ አለው። ቤት የጻፋችሁበት ፊደል ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ጽሑፉ ሊዛባ ወይም ባዶ ሣጥኖች ብቻ ሊታዩ ይችላሉ፤ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱት። ከዚህም በላይ ፊደሎቻችን የሚለያዩት በጥቃቅን ምልክት ነው። «ሸ» ከ«ሰ»፣ «ኘ» ከ«ነ» የምትለየው በራሷ ላይ ባለች ትንሽ ሰረዝ ነው። ጽሑፉ አንሶ ቀለሙ ትንሽ ሲፈስ ሰረዟ ከፊደሉ ጋር ትዋሐዳለች፤ «ሸዋ» ተብሎ የታተመው «ሰዋ» ይሆናል። የ«መ» እና የ«ፀ» ክፍት ቀለበቶችም በቀለም ይደፈናሉ። ከ12 ነጥብ ያላነሰ፣ እኩል ውፍረት ያለው ፊደል ብትመርጡ ይህ ችግር በጣም ይቀንሳል።

ቫርኒሽና የመንዝ ብርድ

በኢንክጄት የታተመ ዲካል ያለ ቫርኒሽ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈርሳል፤ ቀለሙ ራሱ ውሃ የሚያሟሟው ነውና። ስለዚህ ሕትመቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ብርሃን አስተላላፊ አክሪሊክ ስፕሬይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በስሱ ይረጭበታል፤ በየመካከሉም ይደርቃል። ጣሳው ከወረቀቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ። የመጀመሪያው ርጭት ከወፈረ ቀለሙን ያስለቅቀዋል፤ ጠቅላላ ሽፋኑ ከወፈረ ደግሞ ፊልሙ ደርቆ ይሰነጠቃል። የሌዘር ቶነር ፕላስቲክነት ስላለው ያለ ቫርኒሽም ውሃውን ይችላል።

ደጋማው መንዝ ላይ ብዙ ዲካል የሚበላሸው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። የአገሩ ከፍታ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጉምና ዝናብ አለ። አክሪሊክ ስፕሬይ ብርድም እርጥበትም አይወድም። በብርድ ጊዜ የጣሳው ግፊት ስለሚቀንስ ቫርኒሹ እንደ ጭጋግ በመበተን ፈንታ ጠብ ጠብ ይላል፤ እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ሽፋኑ ውስጥ ውሃ ተይዞ እንደ ወተት ነጣ ያለ ጉም ይጥላል። ስለዚህ በክረምት ዝናቡ ጋብ ያለበትን ሰዓት፣ በበጋ ደግሞ ፀሐይ የሞቀችበትን እኩለ ቀን ጠብቁ። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይጠቅማል፤ እሳት ዳር ማስቀመጥ ግን ያፈነዳዋል። የስፕሬዩ ትነት ተቀጣጣይ ስለሆነ ከከሰልና ከምድጃ ርቃችሁ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ እርጩ።

ውሃው የሚናገረው

ሽፋኑ ከደረቀ በኋላ ሥዕሉን ከዳሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ። በነጭ መደብ ወረቀት ከሆነ ግን እንደተባለው ዳሩን ተከትላችሁ ቁረጡና የተቆረጠው ጠርዝ ቀለም እንዳይለቅ አንድ ጊዜ በስሱ ቫርኒሽ አስነኩት። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አኑሩትና ሳህኑን ተመልከቱ። ወረቀቱ ሲጠቀለል አትደንግጡ፤ ውሃ ሲጠጣ ራሱ ይዘረጋል። ውሃው ጥርት ብሎ ከቆየ ወይም ጣት ሲነካው በትንሹ ሙልጭልጭ ካለ ሁሉም ደህና ነው፤ የሟሟው ሙጫው ነው። ውሃው ቀይ ወይም ሰማያዊ መልክ ካመጣ ግን ቫርኒሹ አልሸፈነም፤ ችግሩን ርጭቱ ላይ ፈልጉት።

አብዛኛው ዲካል ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ውስጥ ይላቀቃል። በጣት ገፋ ሲደረግ ካልተንቀሳቀሰ አትጎትቱት፤ ወደ ውሃው መልሱት። የደጋ የቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙጫውን ያዘገያል፤ ለብ ያለ ውሃ የተባለውም ለዚህ ነው። ፊልሙ ከወረቀቱ ተለይቶ ውሃው ላይ እስኪንሳፈፍ ከቆየ ደግሞ ሙጫው ሁሉ ታጥቦ ስለሚሄድ ዕቃው ላይ አይጣበቅም።

ዕቃውን በሳሙና፣ ቀጥሎም በአልኮል አጽዱት፤ የጣት ቅባት ብቻውን ዲካሉን ያስነሣል። ገጹን ውሃ አስነክታችሁ ሥዕሉን ከወረቀቱ ላይ በቀጥታ አንሸራቱት፤ ቦታውን ሲይዝ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ውሃውንና አየሩን አውጡ። የቀረ አረፋ ካለ በመርፌ ጫፍ ወጋ አድርጋችሁ ጫኑት። እንጨት ላይ ዲካሉ ደርቆ ብር ብር የሚል ከሆነ ከሥሩ አየር ታምቆ ቀርቷል፤ ሸካራ ገጽ መጀመሪያ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መለስለስ አለበት። በቆላ አንድ ቀን የሚበቃው ማድረቂያ በመንዝ ብርድ ሁለት ቀን ቢሰጠው ይሻላል። እሳት ዳር አስቀምጦ ማፋጠን ፊልሙን ያሳብጣል።

ሁልጊዜ አንድ ሙከራ

እነዚህን ሁሉ ደረጃዎች የሚያስተምር ርካሽ ዘዴ አለ። ከወረቀቱ ጥግ ላይ የጣት ወርድ ያህል ቦታ ተዉና አንድ ፊደልና አንድ ባለ ቀለም ነጥብ አትሙበት። እሱን ቀድማችሁ ቁረጡ፣ እርጩ፣ ንከሩ፣ የተሰበረ ሲኒ ላይ ለጥፉ። ጉድለቱ በየትኛው ደረጃ እንደተፈጠረ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ትክክል የሆነውን ሴቲንግ፣ የርጭቱን ብዛትና ውሃ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ደብተር ላይ ጻፉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁም ይህን ማስታወሻ ከፕሪንተራችሁ አጠገብ ለጥፉ፤ ነገ ለልጁ ስም ወይም ለሠርግ ስጦታ የሚመጣው ደንበኛ ወረቀቱ ሳይባክን ሥራው ያልቅለታል።