ማንም ያልተከለው የአትክልት ስፍራ
ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች



ሙስሊም በምድር ላይ ተጉዞ የፈጣሪውን ሥራ እንዲያስተውል ታዟል። ጉብኝት ሲባል ግን አብዛኞቻችን የምናስበው ካሜራ ያንጠለጠለ የውጭ ሀገር ሰው ነው። እርሱ ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን እኛ አጠገባችን እያለ ሳናየው እንኖራለን።

በቻይና፣ በዩናን ክፍለ ሀገር፣ ሺሽዋንግባና የተባለ ታላቅ የእጽዋት ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ ሲሆን ከ1,100 ሄክታር በላይ ስፋት አለው፤ ከ13,000 የሚበልጡ የእጽዋት ዓይነቶች ተሰብስበውበታል። በአዲስ አበባም 700 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አለን። እነዚህን የሰው ልጅ አስቦና ደክሞ ያደራጃቸው ናቸው። ከጎንደር በስተሰሜን ያለውን የአትክልት ስፍራ ግን ማንም አልተከለውም፤ አላህ (ሱ.ወ) ብቻ እንጂ።

እጽዋቱ ምን ይመስላሉ?

ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፈን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ደባርቅ እንደርሳለን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው፤ መግቢያ ተከፍሎ፣ አስጎብኚና ጠባቂ ተይዞ ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ ጉዞ ይቀጥላል።

ሽቅብ በወጣን ቁጥር እጽዋቱ ይለዋወጣሉ። አያቶቻችን የሆድ ትል ያስወግዱበት የነበረው ኮሶ ከታች ይቀራል። ከዚያ የአስታ ደን ይመጣል፤ ከቅርንጫፎቹም ሽበት የመሰለ ሽበቶ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከፍ ሲል ደግሞ ዛፍ እየሳሳ ሜዳውን ጓሳ ይወርሰዋል፤ ይህ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ጅብራ ነው። ለብዙ ዓመታት ያለ አበባ፣ ብርዱንና ውርጩን ችሎ ይቆማል። ጊዜው ሲደርስ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ እንደ ምሰሶ የቆመ አበባ ያወጣል። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ሶብር ምን እንደሆነ ለልጆቻችን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይገኛል?

በዚህ መካከል ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ዋልያ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለም። ዩኔስኮ ስፍራውን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። ይኸው ቅርስ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ውስጥ ገባ። እርሻው ሰፍቶ፣ ግጦሹ በዝቶ፣ ዋልያው ተመናምኖ ነበር። ከመዝገቡ የወጣው ከ21 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ 418 አባወራዎች፣ ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። የግጭ ሰዎች ሙስሊሞች ናቸው። ገብስ ዘርተው፣ በግ አርብተው የኖሩበትን ደጋ፣ የአባቶቻቸውንም መቃብር ትተው ወረዱ። ካሳ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ያልቃል። ሞፈርና ቀንበር ብቻ የሚያውቅ ገበሬ በከተማ ሌላ ሙያ እስኪለምድ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ልጆቹስ?

ጥበቃ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሣሩ ሲያልቅ ዋልያውም ገበሬውም አብረው ይራባሉ። ምድር አማና ናት፤ አማናን መጠበቅም ግዴታ ነው። ነገር ግን የአንድ ወገን ትከሻ ብቻ የሚሸከመው አማና ፍትሕ ይጎድለዋል። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላው ሁሉ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ለተክሉ ሲባል መንደሩን የለቀቀውስ? ምንዳው ከአላህ ዘንድ ነው፤ ሐቁን ማስታወስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሙስሊም ቤተሰብ ደባርቅን እንደ መኪና ማቆሚያ ብቻ አይያት። ከወንድሞቹ ጋር በጀመዓ ይስገድ፤ ስንቁን ከእነርሱ ይግዛ፤ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ግጭ ይጠይቅ። ስለዚያ ደጋ ከማንም መጽሐፍ በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ለመንገደኛው

- ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ።
- ምድሩ አረንጓዴ የሚሆነው ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስላለው ለልጆች ወፍራም ልብስ ያዙ።
- ሐላል ሥጋ ከፈለጋችሁ ከጎንደር፣ ከሙስሊሞቹ የቀድሞ ሰፈር ከአዲስ ዓለም ይዛችሁ ውጡ።
- መንገደኛ ዙሁርን፣ ዐስርንና ዒሻን አሳጥሮ ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰግዳል። ውኃ ከጠፋ ወይም ቅዝቃዜው ጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ ተየሙም አለ።
- ቂብላው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። በታላቁ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ቆላውን የሚመለከት ሰው ፊቱ ወደ መካ አቅጣጫ መሆኑን ልብ ይበል።
- እሳት ለኩሳችሁ አትተዉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ጓሳና አስታ በልቷል። ጅብራ አትቁረጡ፤ ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ።

አላህ (ሱ.ወ) ሥራውን አይተው ከሚያመሰግኑት፣ የሰውንም ሐቅ ከማይዘነጉት ያድርገን። አሚን!