እኩል የሚመዝኑ ሁለት ስኳሮች

ፕሮቲን ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ሥጋን፤ ወተትንና ምስርን ነው። ይሁን እንጂ በደማችን ውስጥ በሽታን የሚከላከሉልን ፀረ እንግዳ አካላት ራሳቸው ፕሮቲኖች ናቸው፤ በላያቸውም እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ስኳር ተሸክመዋል። ይህን ሰንሰለት እንደ ትርፍ ጌጥ የሚቈጥር ሰው ቢኖር፤ በአሜሪካ በሴቱክሲማብ የታከሙ ሕመምተኞች የደረሰባቸውን እንንገረው።

ሴቱክሲማብ በአይጥ ሕዋሳት ውስጥ የሚመረት ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር መድኃኒት ሁኖ በአሜሪካ የተፈቀደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ነው። በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ በደም ሥራቸው ሲወስዱ ትንፋሽ ያጥራቸው፤ የደም ግፊታቸውም በድንገት ይወርድ ጀመር። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ግን ይህ እምብዛም አልታየም። መድኃኒቱ አንድ፤ በሽታውም አንድ፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፤ ከታከሙት 76 ሰዎች ውስጥ መድኃኒቱ ያልተስማማቸው 25 ነበሩ። ከእነዚህም የ17ቱ ደም፤ መድኃኒቱ ሳይነካው አስቀድሞ የሚቃወመውን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ተገኘ። ምንም ካልሆኑት ከ51ዱ ግን ይህ የታየው በአንዱ ብቻ ነው። ደማቸው ጠላት አድርጎ የያዘውም በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ስኳር ነበር።

እንዲህ ያለውን ስኳር ለመለየት ኬሚስቶች በመጀመሪያ ሰንሰለቱን ከፕሮቲኑ በኢንዛይም ይቈርጡታል። ቀጥሎም ማስ ስፔክትሮሜትር ለተባለው መሣሪያ ይሰጡታል፤ ይኸውም ሞለኪውሉን የኤሌክትሪክ ሙል አሸክሞ አየር በሌለበት ቦታ በማስሮጥ፤ ከአካሄዱ ክብደቱን የሚያውቅ ሚዛን ነው። የሃይድሮጅን አቶም ክብደት 1 ነው ብንል፤ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ፉኮስ 146፤ ጋላክቶስ ደግሞ 162 ይመዝናል። ችግሩ ማኖስም 162 መሆኑ ነው! ሁለቱ ስኳሮች ከአንድ ዓይነት አቶሞች፤ በእኩል ቍጥር የተሠሩና በአቀማመጥ ብቻ የሚለያዩ ስለ ሆኑ፤ ሚዛኑ የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ብቻውን አይለያቸውም።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ታከለበት። አልፋ ጋላክቶሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ጋላክቶስን፤ ያውም በአንድ ዓይነት መያያዣ የተያያዘውን ብቻ ከጫፍ ያረግፋል፤ ሌላውን አይነካም። (ለዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ የሚወጣው ከጥሬ ቡና ፍሬ መሆኑን ለቡና አገር ሰው ሳንነግር አናልፍም።) እንግዲህ ሰንሰለቱን መዝኖ፤ ኢንዛይሙን ጨምሮ፤ ዳግመኛ መመዘን ነው። ክብደቱ በ162 ቢቀንስ አንዲት ጋላክቶስ ረግፋለች፤ በ324 ቢቀንስ ሁለት። በሴቱክሲማብ ላይ ያለችው አልፋ ጋል ትባላለች፤ የአይጥ፤ የላምና የበግ ሰውነት ይሠራታል፤ የሰው ግን አይሠራትም።

ታዲያ የቴነሲ ሰዎች ደም ከወዴት አወቃት? ከመዥገር ነው። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የሚበዛው፤ ሎን ስታር የሚሉት መዥገር የነከሰው ሰው፤ ሰውነቱ አልፋ ጋልን መጥላት ሊጀምር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ራት በልቶ ይተኛና፤ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቈይቶ ገላው እያሳከከውና እያበጠ ይነሣል። የሌላው ምግብ አለርጂ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚነሣ፤ ሐኪሞች ለብዙ ጊዜ ራቱን አልጠረጠሩትም ነበር።