የሰንሰለቱ ድምፅ ምን ይነግረናል?

ወሎ ሰፈር፣ ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ-ቻይና መንገድ በሚጀምርበት አካባቢ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆመን ሳለ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ እየተንኮሻኮሸች ገባች። ወጣቱ ሜካኒክ ጥቂት አዳምጦ «ጋሼ፣ ሞተሩ ሳይወርድ አይሆንም» አላቸው። ለባለታክሲው ይህ የብዙ ቀናት እንጀራ ነው። ስለዚህ ከፍርዱ በፊት ማስረጃው ይመርመር አልን።

እንደሚታወቀው በአራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት በጀመረችው የመጀመሪያዋ ላዳ ይህን ስምምነት የሚጠብቀው ባለ ሁለት ረድፍ ሰንሰለት ሲሆን፣ የሚያገናኛቸው መዘውሮች 19 እና 38 ጥርስ አላቸው።

ሰንሰለት «ረዘመ» ሲባል ብረቱ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ ማለት አይደለም፤ መጋጠሚያዎቹ ተበልተዋል ማለት ነው። 114 መጋጠሚያዎች እያንዳንዳቸው 0.02 ሚሊሜትር ቢበሉ ድምሩ 2.28 ሚሊሜትር ይሆናል። መወጠሪያው ይህን ትርፍ መሳብ ሲያቅተው ሰንሰለቱ ይንገጫገጫል። አንድ ጥርስ ከዘለለ ደግሞ ካምሻፍቱ 9.5 ዲግሪ፣ በክራንክሻፍቱ ሲለካ 19 ዲግሪ ይስታል።

ድምፁን ከሌሎች እንዴት እንለየው? ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 900 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 7.5 ጊዜ ይከፈታል፤ ስለዚህ የላላ ቫልቭ ምቱ እንደ ሰዓት የተስተካከለ ነው። የሰንሰለት ድምፅ ግን ሥርዓት የለውም፤ ከሞተሩ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ነዳጅ ሲለቀቅ ይብሳል። የጉልበት መድከም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ጤነኛውም ሞተር ይደክማል።

በመጀመሪያ የዲናሞው ቺንጋ ወልቆ ሞተሩ ለጥቂት ሴኮንድ ተነሣ፤ ድምፁ አልጠፋም። ረጅም ካቻቢቴ በሰንሰለቱ ሽፋን ላይ ተደግፎ በጆሮ ሲደመጥ ድምፁ ጎላ። ከዚያ የቴስታታው ክዳን ተከፍቶ ክራንክሻፍቱ በቁልፍ ወዲያና ወዲህ ሲዞር ካምሻፍቱ ዘግይቶ ተከተለ። ምልክቶቹ ግን በቦታቸው ነበሩ፤ ጥርስ አልዘለለም።

የመወጠሪያው ዳዶ ላላ፤ ሞተሩ በእጅ ሁለት ዙር ዞረ፤ ዳዶው ተመልሶ ጠበቀ። ድምፁ ረገበ። ሆኖም ለባለታክሲው ሳንደብቅ ነገርናቸው፦ በቅርቡ ከተመለሰ ሰንሰለቱና መወጠሪያው መቀየር አለባቸው፤ ይህም ቢሆን ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ነው።

እንደ ቪትዝ ባሉት መኪኖች መወጠሪያውን የሚገፋው የሞተር ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንድ የሚሰማ መንገጫገጭ ካለ ምርመራው ከዘይቱ መጠንና ንጽሕና ይጀምር። ማዳመጥ ሳይንስ የሚሆነው ግምታችንን የሚያፈርስ ፈተና ስናክልበት ነው።