የበጋው ጀሪካን

ሐምሌ ላይ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሆኖ መቀሌን ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋ አረንጓዴ ናት ብሎ ይምላል። የመሶቦ ተራራ ሣር ለብሷል፤ በነጩ የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ሁሉ ቅጠል ብቅ ብሏል። በየዳገቱ አካፋና ዶማ የያዙ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና የሠፈር ሽማግሌዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ያው ሰው የካቲት ላይ ቢመለስ ግን መንገድ የሳተ ይመስለዋል። መሬቱ ገርጥቷል፤ ነፋሱ አቧራ ይነዳል፤ በክረምቱ ከተተከለው ችግኝ አንዳንዱ ለምልሟል፣ አንዳንዱ እንደ ክብሪት እንጨት ደርቆ ቆሟል።

የለመለመውን ከደረቀው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በበጋው ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣ ሰው መኖር አለመኖሩ። ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ስናወራ የተከላውን ቀን እናነሣለን፤ ፎቶውም፣ ንግግሩም፣ ቁጥሩም የዚያ ቀን ነው። የመቀሌን ነገር በቅርብ ያየ ሰው ግን ከተማን ለኑሮ የሚያመቻት ከተከላው ቀን በኋላ ያለው ረጅም በጋ እንደሆነ ይረዳል።

ውሃ የፈታው ምሽግ

መቀሌ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ሲመጣ ባንድ ጊዜ ይመጣል፤ ከምሥራቁ ተረተር ተንደርድሮ በታች ባሉት ሠፈሮች ቦዮች ይሞላል፣ ቦዩ በቆሻሻ ከተደፈነ ደግሞ ሰው ቤት ይገባል። ሲሄድም ባንድ ጊዜ ይሄዳል።

ይህን የውሃ እጦት በመራራው ከቀመሱት አንዱ የጣሊያን ጦር ነበር። በ1888 ዓ.ም. በሜጀር ጋሊያኖ የሚመራው ኃይል እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ ተከበበ። ተኩስ ያልፈታውን ምሽግ ውሃ ፈታው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የኢትዮጵያ ጦር የምሽጉን ውሃ መቅጃ ያዘ፤ ጥር ላይ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ወጣ። በዚያች ኮረብታ ላይ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አለ። ትምህርቱ ግን አልተለወጠም፤ በመቀሌ ተራራ ላይ ውሃ ያልያዘ ምንም አይዝም።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ወደ 216 ሺህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በእጅጉ ሰፍታለች፤ ውሃው ግን እንደ ከተማዋ አላደገም። ከአይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው አይበቃም፤ ተስፋ የተጣለበት የግባ ግድብም በጦርነት ተደናቅፏል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለችግኝ የሚደርሰው ውሃ ልብስ ከታጠበበት፣ እቃ ከተለቀለቀበት የተረፈው ነው። የበጎ ፈቃዱ ሥራ ክብደት እዚህ ላይ ይታያል። ሰው ከራሱ ጥም ላይ ቀንሶ ለዛፍ ይሰጣል።

ውፈራ

የትግራይ ሰው ለጋራ ሥራ ሲወጣ «ውፈራ» ይለዋል። አማራው ደቦ፣ ወንፈል፣ ጅጌ እንደሚለው ማለት ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ይህ ልማድ ከእርሻ ማሳ ወጥቶ ተራራ ላይ ዋለ። ለሥራ የደረሰ ገጠሬ ሁሉ በዓመት 20 ቀን፣ በፊት ደግሞ ከዚያም በላይ፣ ያለ ክፍያ እርከን ሠራ፣ ድንጋይ ካበ፣ ቦረቦር ዘጋ። የተጎዳውን ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ከልሎ ለራሱ ተወው፤ «ሕዛእቲ» የሚባለው ይህ ነው። በዚህ መልክ በእጅ የተንቀሳቀሰው አፈርና ድንጋይ 90 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ይገመታል።

ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የታተመ ጥናት የድንጋይ እርከን ከማሳ የሚታጠበውን አፈር በ68 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ያን ኒሰን፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ምትኩ ኃይሌና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ያነሣቸውን የትግራይ መልክዓ ምድር ፎቶዎች ይዘው በየቦታው ቆሙ። ያንኑ ተራራ ከያኔው ማዕዘን አንሥተው ሲያስተያዩ፣ የዛሬው ከ140 ዓመት በፊት ከነበረው ይበልጥ ዛፍ ለብሶ ተገኘ። ከውቅሮ በስተ ምዕራብ ያለችው የአብርሃ ወ አጽብሃ መንደር፣ «አባ ሓዊ» በሚባሉት ገብረ ሚካኤል ግደይ አስተባባሪነት የደረቀ ምንጯን መልሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት አገኘች። በ2010 ዓ.ም. መባቻም የትግራይ ክልል ቻይና ኦርዶስ ላይ የወደፊት ፖሊሲ የወርቅ ሽልማት ተቀበለ።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ሁሉ በፈቃድ ብቻ አልተሠራም። በመንደር ስብሰባ የተወሰነ ግዴታ ነበር፤ የቀረ ሰው ይጠየቅ ነበር። ግን እርከኑ የቆመው በግዴታው አይመስለኝም። ገበሬው ከእርከኑ በታች የራሱ ማሳ አለው፤ የተከለለው ተራራ ሣር ለከብቱ ይታጨድለታል። የሥራውን ፍሬ በዓይኑ ያየ ሰው በማግስቱ ሳይጠሩት ይወጣል።

ከተማ ውስጥ የሚጎድለው ሠሪውን ከሥራው ፍሬ ጋር የሚያስረው ይህ ገመድ ነው። የመቀሌ ወጣት ዳገት ላይ ዛፍ ይተክላል፤ ዛፉ ግን የማንም አይደለም። የተከለው ወደ ሠፈሩ ይመለሳል፣ ፍየሏ ወደ ችግኙ ትመጣለች። ሕዛእቲው ከተማ ሲገባ ጠባቂ አጣ።

ምድጃውና ዛፉ

ዛፍን ከፍየል ይበልጥ የሚፈትነው ምጣድ ነው። በአገራችን ምግብ ለማብሰል ከሚውለው የቤት ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ ነው። ከመቀሌ በስተ ደቡብ፣ አሸጎዳ ላይ፣ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው 120 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ቆሟል፤ በስሩ ያለችው ከተማ ግን እንጨትና ከሰል ታነዳለች።

የማገዶው ጉዳይ በትግራይ ጦርነት ዘመን ቁስል ሆነ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት መብራት ተቋረጠ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ለወራት የኤሌክትሪክ ምጣድ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ሰው ልጆቹን ማብላት ነበረበት፤ ስለዚህ ለሠላሳ ዓመት የተጠበቀው ዛፍ ተቆረጠ። ከሰል ጭኖ ወደ ከተማ የሚገባው አህያ የዚያን ዘመን መቀሌ ሥዕል ነው። በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ከቤታቸው ተፈናቅለው በየትምህርት ቤቱና «ሰባ ካሬ» በሚባለው ሥፍራ የተጠለሉ ወገኖችም የሚያበስሉት ባገኙት ጭራሮ ነው።

ስለዚህ ለመቀሌ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የዛፍ ተከላ ግማሽ አካል ነው። በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ ምድጃ» ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል። ቅርጹ ካለ ሁለት ጎረምሶች ይሠሩታል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ደግሞ ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በፀሐይ ሙቀት እንጀራ ለመጋገር ለዓመታት ሞክረዋል። ለአንዲት መበለት ምድጃ ሠርቶ የሰጠ የወጣቶች ቡድን፣ ጫካ ሳይረግጥ ጫካ ጠብቋል።

ጆንያው ውስጥ ያለው አፈር

ክረምት ሊገባ ሲል የሠፈር ልጆች ቦይ ሲጠርጉ የሚያወጡት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ፌስታል፣ የውሃ ላስቲክ፣ ጫማ፣ ጭቃ። በእላላ ወንዝ ዳርም የሚታየው ያው ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይወፍረውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን የፕላስቲክ ከረጢት ጨርሶ አግዷል። ሕግ ቢኖርም ዘንቢል ይዞ ገበያ የመውጣት ልማድ የሚመለሰው በእናቶችና በነጋዴዎች ነው።

ከቤት የሚወጣው ጆንያ ግን አብዛኛው ፌስታል አይደለም። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንድ፣ አመድ ነው፤ ማለት አፈር ሊሆን የሚችል ነገር። ትግራይ በዚህ ጉዳይ አስተማሪ ናት። የዓድዋው ተወላጅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በ1988 ዓ.ም. በአራት የገጠር ማኅበረሰቦች በጀመሩት ሥራ፣ ኮምፖስት የለበሰ ማሳ ምንም ካልተጨመረበት በእጥፍ የተጠጋ ምርት ሰጠ። መቀሌም የቆሻሻ ኮምፖስትን ከከተማ አረንጓዴ ቦታዎች ጋር ለማያያዝ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ከተመረጡት ስድስት ከተሞች አንዷ ነበረች።

የበሰበሰው ቆሻሻ በአንድ ቦታ ሲከማች ምን እንደሚያመጣ አገር ያውቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። በዚያው በአዲስ አበባ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ድምፃዊው ስለሺ ደምሴ፣ ሁሉም «ጋሼ አበራ ሞላ» የሚለው፣ የቆሻሻ መጣያ የነበሩ ጥጋጥጎችን በሠፈር ልጆች እጅ አበባ አስበቀለባቸው። የዘለቁት ሥፍራዎች ያው የሠፈሩ ልጆች ውለው አድረው የጠበቋቸው ይመስሉኛል።

ቆጠራው ግንቦት ላይ ይሁን

ለአንድ ችግኝ በሳምንት 5 ሊትር እናስብ። ከመስከረም ማገባደጃ እስከ ሰኔ መግቢያ 35 ሳምንት ቢሆን 175 ሊትር፣ ማለት ዘጠኝ የማይሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። መቶ ችግኝ ያለበት ዳገት በሳምንት 25 ጀሪካን ይጠይቃል። ለአንድ ሰው የማይቻል ነው። ሃያ አምስት ቤት ላለው መንደር ግን ከየቤቱ በሳምንት አንድ ጀሪካን ነው። እሱም የእጥበት ውሃ ሊሆን ይችላል።

ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ዕቁብ አለን። ተራ መያዝ፣ የቀረን መጠየቅ፣ የታመመን መተካት የሚያስተምረን አያሻም። ለቀብርና ለሠርግ የሚሠራው ይህ ሥርዓት ለአንድ ዳገት፣ ለአንድ ቦይ፣ ለአንድ የኮምፖስት ጉድጓድ ቢሰጥ፣ በከተማው የጎደለው ገመድ ይቀጠላል። ዛፉ የእገሌ ሠፈር ዛፍ ይባላል። ዘላቂነት የሚባለው ትልቅ ቃል መቀሌ ላይ ሲተረጎም የተራ ዝርዝር ነው።

አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስንት ተተከለ ብለን ሐምሌ ላይ መቁጠር እንተው። ቆጠራው ግንቦት ላይ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ዝናቡ ገና ሳይመጣ ይሁን። በዚያ ወር በእንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ ቆሞ የተገኘው ችግኝ ነው የተተከለው። እልልታውም ያኔ ይሁን፤ ጀሪካን ለተሸከሙት።