አሮጌ መኪና ሲንዘፈዘፍና ሲጠፋ፦ ዕቃ ከመቀየር በፊት ምክንያቱን መፈለግ

የዕረፍት ጊዜ በደረሰ ቁጥር ብዙዎቻችን ወደ ቤተሰብ እንመለሳለን። ቤት ስንደርስም «ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የለ፤ እስቲ ይቺን መኪና እያት» የሚል አባት ወይም አጎት አይጠፋም። በዚህ ዕትም ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ስንቅ ይዘን ቀርበናል።

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ መኪና ገበያ መሄጃ ናት፤ ሕመምተኛ ማድረሻም፣ የዕለት እንጀራም ናት። በቀላሉ የምትቀየርም አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ አንሮታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ በእጃችን ያለችው ላዳ፣ ዲኤክስ ወይም ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት እንድታገለግል ይጠበቅባታል።

የእነዚህ መኪኖች የተለመደ ሕመም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሞተሩ እየሠራ መንዘፍዘፉና ዳገት ላይ መቆራረጡ ነው። ሁለተኛው ጭራሽ መጥፋቱ ነው። የተለመደው መፍትሔ ደግሞ ዕቃ መቀየር ነው፤ መጀመሪያ ካንዴላ፣ ቀጥሎ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ፓምፕ፣ ቀጥሎ ቦቢና። ገንዘቡ ያልቃል፣ መኪናዋ ግን አትድንም። ዕቃ መቀየር ምርመራ አይደለምና። ምርመራ ማለት እያንዳንዱን ጥርጣሬ በትንሽ ፈተና ማረጋገጥ ወይም መሰረዝ ነው። አብዛኛው ፈተና ደግሞ ወጪ የለውም።

ሞተሩ ምን ይፈልጋል?

ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ቆሞ ሲሠራ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል በደቂቃ 400 ጊዜ፣ በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል መለኮስ አለበት ማለት ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሲዘለሉ የሚሰማን መንዘፍዘፍ ነው።

ለመለኮስ አራት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የተመጣጠነ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፤ ይህም ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ነው። ሁለተኛ፣ ጠንካራ የካንዴላ እሳት። ሦስተኛ፣ ፒስተኑ ድብልቁን አጥብቆ ማመቁ፣ ማለትም ኮምፕሬሽን። አራተኛ፣ ይህ ሁሉ በሰዓቱ መሆኑ። ማንኛውም ብልሽት ከአራቱ የአንዱ ጉድለት ነው። ጥያቄያችንም «ምን ልቀይር?» ሳይሆን «ከአራቱ የጎደለው የትኛው ነው?» መሆን አለበት።

መቼ ነው የሚያደርገው?

መፍቻ ከማንሳታችን በፊት ነጂውን እንጠይቅ። ሐኪም «መቼ ያምሃል?» ብሎ እንደሚጠይቀው ማለት ነው።

ዝናብ ከዘነበ ወይም ሞተሩ ከታጠበ በኋላ ብቻ ከሆነ፣ እርጥበት በካንዴላ ገመዶችና በእሳት ማከፋፈያው ክዳን በኩል እሳቱን እያሾለከው ነው ብለን እንጠርጥር። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍተን ሞተሩን ብናስነሳ፣ በተሰነጠቀ ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል እናያለን።

ሞተሩ ከጋለ በኋላ ብቻ ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ እንደ ጤነኛ የሚነሳ ከሆነ፣ በሙቀት የሚደክም የኤሌክትሪክ ዕቃ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። በቦቢና ውስጥ ያለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲግል ይለጠጥና የተሰነጠቀው ቦታ ይላቀቃል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገናኛል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር እንዲሁ ያደርጋል።

ዳገት ላይ ወይም ጭነት ሲበዛ ብቻ ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንዱ የነዳጅ እጥረት ነው፤ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ። ሌላው የደከመ እሳት ነው፤ ሞተሩ ሲጫን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር እሳቱ ክፍተቱን ለመዝለል የበለጠ ኃይል ያስፈልገዋል።

ቆሞ ሲሠራ ብቻ ተንዘፍዝፎ ነዳጅ ሲሰጡት የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ፣ የሚኒሞው ቀዳዳ ቆሽሿል ወይም ከተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ያልተለካ አየር እየገባ ነው።

የታመመውን ሲሊንደር መለየት

ቀጣዩ ሥራ ሕመሙ የአንድ ሲሊንደር ነው ወይስ የሁሉም የሚለውን መለየት ነው። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ የአንዱን ሲሊንደር ሥራ ለአፍታ እናቋርጥ። በኢንጀክተር የሚሠራ ከሆነ የአንዱን ኢንጀክተር ሶኬት መንቀል ይበቃል። በአሮጌዎቹ የካንዴላውን ገመድ በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ነቅለን ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር እናስነካው። ገመዱን በባዶ እጅ መንካት ክፉኛ ይነዝራል፤ በአየር ላይ መተው ደግሞ ቦቢናውን ይጎዳል። የቤንዚን ሽታ ባለበትም ይህን ፈጽሞ አንሞክርም።

ጤነኛው ሲሊንደር ሲቋረጥ ሞተሩ ይበልጥ ይንገዳገዳል። የታመመው ሲቋረጥ ግን ምንም ለውጥ አይኖርም፤ ቀድሞውንም አይሠራም ነበርና። በሽተኛውን ለይተናል ማለት ነው።

ከዚያ እናቀያይር። 3ኛው ሲሊንደር ከታመመ ካንዴላውን ከ1ኛው ጋር እንለዋውጥ። ሕመሙ ወደ 1ኛው ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላው ነጻ ነው፤ ገመዱን፣ ቦቢናውን ወይም ኢንጀክተሩን በተራ እንቀያይር። አንድ በአንድ ብቻ፤ ሁለት ዕቃ በአንድ ጊዜ ከተነካ የትኛው ጥፋተኛ እንደነበር ማወቅ አይቻልም።

በኮምፒዩተር የሚመረመር መኪና ከሆነ ማሽኑ ፒ0301፣ ፒ0302 እያለ የሲሊንደሩን ቁጥር ይነግረናል፤ ፒ0300 ከሆነ ሕመሙ በአንድ ሲሊንደር ያልተወሰነ ነው። ኮዱ ግን የት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ኮዱን አይቶ ወዲያው ካንዴላ መግዛት ወደ ግምት መመለስ ነው።

የወለቀውን ካንዴላም በደንብ እንየው። ጫፉ ቀላል ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል። ዘይት ከነካው ቀለበት ወይም የቫልቭ ጎማ ያሳልፋል። ነጣ ካለ ነዳጅ አንሶታል ወይም ሙቀት በዝቶበታል። በቤንዚን ከራሰ ነዳጁ እየመጣ እሳቱ ቀርቷል።

ቢቸናና ሞጣ ከፍታ ላይ ናቸው

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር ግን የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ለወፍራም አየር የተሠራ ከሆነ ነዳጁን ከሚገባው በላይ ያፈሳል። ጥቁር ጭስ፣ በጥቀርሻ የተሸፈነ ካንዴላና የሚንዘፈዘፍ ሞተር የሚመጡት ከዚህ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ መኪና የሚያስፈልገው አዲስ ካንዴላ ሳይሆን ለአካባቢው የተስተካከለ ካርቡራተር ነው። በኢንጀክተር የሚሠሩት ሴንሰራቸው ደህና እስከሆነ ድረስ ራሳቸውን ያስተካክላሉ።

ከፍታው የኮምፕሬሽን መለኪያንም ያሳስታል። መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ የሚለው ጤነኛ ሞተር ሞጣ ላይ ቢለካ ወደ 135 ገደማ ያሳያል። መጽሐፉን ብቻ ያየ ሰው «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» ሊል ይችላል፤ አንድ ቤተሰብም ያለ ጥፋቱ ለትልቅ ወጪ ይዳረጋል። ትክክለኛው መንገድ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። አራቱም 135 አካባቢ ከሆኑ ሞተሩ ደህና ነው። ሦስቱ 135 ሆነው አንዱ 85 ከሆነ ግን በሽተኛው ታውቋል። በዚያ ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረን እንደገና እንለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው የፒስተን ቀለበት ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መበጠሱ ይጠረጠራል።

ነዳጁን እንፈትሽ

ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ከውስጡ ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ሊኖር ይችላል። ከእሳት ርቀን ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ የመስታወት ዕቃ ቀድተን እናሳርፈው፤ ውኃ ካለው ወደ ታች ወርዶ በግልጽ ይለያል። በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ስናደርገው ደግሞ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል። መንዘፍዘፉ ነዳጅ በተቀዳ ማግሥት ከጀመረ ምርመራው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት

መንገድ ላይ የሚጠፋ መኪና ጋራዥ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ደህና ይሆናል። ስለዚህ ማስረጃው የሚገኘው በጠፋባት በዚያች ቅጽበት ነው። መኪናውን ከመንገድ አውጥተን ሦስት ነገር እንይ። አንደኛ፣ የሰልባትዮውን ክዳን እንክፈት፤ አየር ሽው ብሎ ከገባና መኪናው ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ሁለተኛ፣ ቁልፉን ስናዞር የነዳጅ ፓምፑ ድምፅ ይሰማል ወይ? ሦስተኛ፣ ትርፍ ካንዴላ ካለን በገመዱ ላይ ሰክተን፣ ብረቱን ከሞተሩ ጋር አስነክተን፣ ሞተሪኖው ሲዞር እሳት መኖሩን እንይ። እሳት ካለ ችግሩ ወደ ነዳጅ ያዘነብላል፤ ከሌለ ወደ ኤሌክትሪክ። ይህን በማስታወሻ ጽፎ ለመካኒኩ የሚሰጥ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል። የላላ የባትሪ ቀለበትና የማይሞላ ዲናሞም ሞተር ያጠፋሉና አይዘለሉ።

አባይ በረሃ ላይ

ይህን ሁሉ የምንለው ለገንዘብ ብቻ አይደለም። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ያለው ዳገትም እንዲሁ ነው። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ የሚሠራው ለአንድ ወይም ለሁለት ርግጫ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ይከብዳል፣ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ሞተሩ የሚጠፋ መኪና ይዞ ወደ አባይ መውረድ አይገባም። በመውረድ ላይ ሳለ ከጠፋም ማርሹን ሳያወጡ፣ ፍሬኑን ደጋግመው ሳይነኩ አንዴ አጥብቀው ይዘው ዳር መያዝ ነው። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አለማውጣት ግድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ወይም ከማርሽ አውጥቶ መውረድም አደጋን መጥራት ነው።

በመውጣት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የበረሃው ሙቀት፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የጋለ ሞተርና እየሳሳ የሚሄደው አየር ተደምረው በካርቡራተር መኪና የነዳጅ መስመር ውስጥ ቤንዚኑን ያፈሉታል። ፓምፑ እንፋሎት መግፋት ስለማይችል ሞተሩ ይጠፋል። ዕቃው አልተበላሸም፤ ኮፈኑን ከፍቶ ማቀዝቀዝ ይበቃል። መስመሩ ከማርሚታው ቱቦ ጋር የሚነካካ ከሆነም ማራቅ ይገባል።

አንድ ሲሊንደር የማይሠራበትን መኪና ረጅም መንገድ መንዳትም አይመከርም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው አልፎ እዚያ ሲቃጠል ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን እስከ ማጋም ያደርሰዋል። በአጨዳ ወራት እንዲህ ያለ መኪና በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ላይ ማቆም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

በመጨረሻ አንድ የአማና ጉዳይ አለ። ሕመሙ ሲያስቸግር «ሸጬ ልገላገል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደህና፣ ሲግል የሚጠፋ መሆኑን እያወቁ ገዢን በጠዋት ጠርቶ ማስነሳት ዐይብን መደበቅ ነው፤ በእስልምናም አይፈቀድም። ጉድለቱን ተናግሮ በሚገባው ዋጋ መሸጥ ግን ነውር የለበትም። ያ ገዢ ነገ ቤተሰቡን አሳፍሮ የአባይን ቁልቁለት ሊወርድ ይችላልና።